የአይሱዙ ፒካፕ ቦል ጆይንት ቅየራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

መኪናው አይሱዙ ቲ.ኤፍ.አር. ፒካፕ ነው፤ 2.5 ሊትር 4ጄኤ1 ናፍጣ ሞተር ያለው፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ። ሥራው ልደታ ካለው የእንጨት ሥራ ቤታችን ቁም ሣጥን፣ አልጋና በር ጭኖ ደንበኛ ቤት ማድረስ ነው። ባዶውን የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሦስት ምልክቶች ተደራርበዋል። በኮብልስቶን ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ከግራ የፊት እግር ደረቅ ኳኳታ ይሰማል። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲወርድ፣ ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ ግራ ይስባል። የግራው የፊት ጎማ ውስጠኛ ጠርዝም ከውጭው ቀድሞ ተበልቷል። ቀደም ሲል ያየው አንድ ጋራዥ ኳኳታውን ሰምቶ የፊት ሾክ አብዞርበሮቹን ቀየረ፤ ገንዘቡ ወጣ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም።

ስለዚህ በዚህ ዙር ምንም ዕቃ ከመግዛታችን በፊት እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃችን እንፈትሻለን። የምንሠራው እኔና የእህቴ ልጅ ነን። የሚመሩን ከግቢያችን አጠገብ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በናፍጣ መኪና ሥራ ያሳለፉ ጎረቤታችን ናቸው። ከዚህ በታች ጋሼ የምላቸው እሳቸውን ነው።

ምርመራ

ክሪኩ የት ይደገፍ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ መኪና ቶርሽን ባሩ፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚያገለግለው ረጅም ብረት፣ የተያያዘው ከታችኛው ክንድ ጋር ነው። የፊተኛው ክብደት ወደ ጎማው የሚተላለፈው በታችኛው ቦል ጆይንት፣ ክንዱን ከጎማው ጋር በሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ፣ በኩል ነው ማለት ነው። ሻንሲው ቢነሳ ቶርሽን ባሩ ክንዱን ወደ ታች ገፍቶ ይይዘዋል፤ መጋጠሚያው እንደተወጠረ ስለሚቆይ ልቅነቱ አይታይም። ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ለጎማው ቀረብ ብሎ ሲደገፍ ግን ጫናው ከመጋጠሚያው ላይ ይነሳል።

«ሻንሲውን አንስተህ ከነቀነቅኸው ጤነኛ ነው ብለህ ትመልሰዋለህ» አሉ ጋሼ። «ክንዱን አንሳው ልጄ።»

ጎማው ከመሬት ጥቂት ከፍ ሲል የእህቴ ልጅ ረጅም ብረት ከጎማው ሥር አስገብቶ ወደ ላይ አነሳው፤ እኔ በባትሪ ብርሃን የታችኛውን ቦል ጆይንት አየሁ። በግራ በኩል የኳሱ ግንድ ከቤቱ ውስጥ ወጣ ገባ ሲል በዓይን ይታያል። በቬርኒየር ስንለካው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቀኙ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ጤናማ አይባልም።

ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ። እዚህ ላይ የጎማ ኩሽኔታ ልቅነትና የቦል ጆይንት ልቅነት በእጅ አንድ ዓይነት ሆነው ይሰማሉ። የሚለዩት ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ነው። ፍሬኑ ዲስኩን ከካሊፐሩ (የፍሬን መያዣው) ጋር ስለሚያጣብቀው ልቅነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ከዚያ ወዲያ ባለው መጋጠሚያ ላይ ነው። የእኛው ፍሬን ተረግጦም አልጠፋም። ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘን ስንነቀንቅ የታይ ሮዱ (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፎች ጥብቅ ናቸው፤ እነሱን አንነካም።

ምክንያቱም ታየ። የግራው የታችኛው ቦል ጆይንት የላስቲክ ሽፋን በዙሪያው ተቀዷል። ግሪሱ ወጥቶ በምትኩ ጭቃ ገብቷል። የአዲስ አበባ ክረምት የሚያመጣው የጎርፍ ውኃ ደቃቅ አሸዋ የተሸከመ ነው። አሸዋው ከቀረው ግሪስ ጋር ተለውሶ ኳሱንም ቤቱንም ሲሞርድ ከርሟል። ሽፋኑ እንደተቀደደ አይቶ የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ በትንሽ ላስቲክ ያልቅ ነበር። ከእንግዲህ ዘይት በተቀየረ ቁጥር አራቱም ሽፋኖች በባትሪ ይታያሉ፤ ይህን በመኪናው ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

የግራው የላይኛው ሽፋንም ተሰንጥቋል። ውሳኔ፦ አራቱም ቦል ጆይንቶች፣ የግራና የቀኝ፣ የላይና የታች፣ ይቀየራሉ።

ማደስ ወይስ መግዛት

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚቆም ነው። አንድ የቶርኖ ባለሙያ የድሮውን ቦል ጆይንት ከፍቶ፣ ወይም የቤቱን ከንፈር በመጭመቂያ አጥብቆ እንደሚመልስልን ነገረን። ዋጋው ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም። በእጅ ሲነቀንቁትም ጥብቅ ይሆናል፤ ውሸት አይደለም።

ችግሩ ኳሱ እኩል አለመበላቱ ነው። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ኳሱ የሚሳሳው መሪው ቀጥ ባለበት አቅጣጫ ላይ ነው። ቤቱ በዚያ ልክ ከተጨመቀ፣ መሪው ሲጠመዘዝ ያልተበላው የኳሱ ወገን መጥቶ ይይዛል። ወይ መሪው ከብዶ አይመለስም፣ ወይ ግንዱ በየመታጠፊያው እየተወጠረ ይደክማል። የታችኛው ቦል ጆይንት ግንድ ከተበጠሰ ጎማው ተገንጥሎ ከመኪናው ሥር ይታጠፋል። ቁም ሣጥን ጭኖ በቸርችል ቁልቁለት በሚወርድ መኪና ላይ ይህን አላደርግም። የሰው ሕይወት በሚይዝ መጋጠሚያ ላይ ቁጠባ ሊታሰብ አይገባም ብዬ አምናለሁ። መስኮት ማንሻ ቢሆን አሳድሰው ነበር።

ሶማሌ ተራ

የዕቃ ዋጋ የሚታወቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ መለዋወጫውም ተከትሎታል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪናውን ጠግኖ የሚይዘው ሰው በዝቷል።

መኪናው መሥራት ስላለበት ዕቃው ሳይፈታ ነው ወደ ሶማሌ ተራ፣ ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ የወጣሁት። የያዝሁት የሻንሲ ቁጥሩን፣ የአራቱንም ቦል ጆይንቶች ፎቶግራፍና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ልኬት ነው። ልኬቱ ጠቀመኝ። መጀመሪያ የተሰጠኝ የላይኛው ቦል ጆይንት ካርቶኑ ላይ «አይሱዙ ፒካፕ» ይላል፤ በቬርኒየር ሲለካ ግን የቀዳዳዎቹ ርቀት አይገናኝም። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ነው። ሻጩ ሳይከራከር ለወጠው፤ ካልገጠመ እንደሚመልስም ደረሰኙ ላይ ጻፈልኝ።

የታችኛው በሦስት ደረጃ ቀረበልኝ። የጃፓኑ፣ 555 የሚል ማኅተም ያለው፣ አንዱ 6,800 ብር። የኮሪያው ከዚያ ዝቅ ይላል። ስም የሌለው 2,300 ብር። የታወቀ ስም ባለበት ሁሉ ማስመሰያ ስላለ ካርቶን አይታመንም፤ ዕቃውን ማየት ያስፈልጋል። ያየኋቸው ነገሮች፦ ቁጥሩ በቀለም የተጻፈ ነው ወይስ ብረቱ ላይ የተመታ? ላስቲኩ ሲጨመቅ ለስላሳ ሆኖ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ እንደ ደረቅ ፕላስቲክ ይሸበሸባል? የመቆለፊያ ፒኑ ቀዳዳ በግንዱ መካከል ላይ ነው? ግንዱን በጣት ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉት ከዳር እስከ ዳር እኩል ይከብዳል? አዲስ ቦል ጆይንት ጠንከር ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ መሄድ አለበት። በጣት እንደ ልብ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ያለቀ ነው።

ገንዘቤን ጫናው ባለበት ቦታ አዋልሁት። ለታች የጃፓኑን፣ ለላይ በ4,100 ብር የኮሪያውን።

መፍታት

የግቢው ሲሚንቶ ወለል ላይ አቆምነው። የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ የኋላ ጎማዎቹ በእንጨት ሽብልቅ ከፊትም ከኋላም ተደገፉ፣ ከሻንሲው ሥር የብረት መቆሚያ ገባ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ ብዬ የእህቴን ልጅ አጥብቄ አስጠንቅቄዋለሁ።

ጎማው ከመፈታቱ በፊት ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ከፍታ በሁለቱም በኩል ለክተን ጻፍን። የቶርሽን ባሩ ማስተካከያ ብሎንም በቀለም ምልክት ተደረገበት፤ ወጥቶ የሚታየው የጥርሱ ርዝመት ተለካ። ከዚያ በኋላ ነው ማላላት የጀመርነው። ቶርሽን ባር የተጠመዘዘ ብረት ነው፤ ጉልበቱ ሳይለቀቅ መጋጠሚያው ቢፈታ ክንዱ ሰው ይመታል። ግራና ቀኙም አይለዋወጡም፤ እያንዳንዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲጠመዘዝ ሆኖ የተሠራ ነው።

ካሊፐሩ ተፈትቶ በሽቦ ሻንሲው ላይ ተንጠለጠለ። በፍሬን ቱቦው ማንጠልጠል ቱቦውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ጉዳቱ ከውጭ አይታይም።

የኳሱ ግንድ ሾጣጣ ሆኖ በሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ የተቀረቀረ ነው። ዳዶው ቢወጣም አይለቅም። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ ሳናወጣ በጥቂት ጥርስ ላይ ተውነው፤ ሲለቅ ክንዱ እንዳይዘልል የሚይዘው እሱ ነው። ጋሼ ያሳዩን ዘዴ በሁለት መዶሻ ነው። አንዱን ከባድ መዶሻ ግንዱ በሚገባበት ዓይን ጎን ላይ ደግፎ፣ በተቃራኒው ጎን በሌላው ጠንከር አድርጎ መምታት። ግንዱ አይመታም፤ የሚመታው ዓይኑ ነው። ብረቱ ለቅጽበት ሞላላ ሲሆን ግንዱ ይለቃል። የግራው ታችና ላይ በዚህ ወጡ።

የቀኙ ታች እምቢ አለ። በጋዝ ማሞቅ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ የፍሬን ቱቦው እዚያው አጠገብ ስለሆነ ተውነው። የገዛነውን የቦል ጆይንት መጎተቻ በደንብ አጥብቀን፣ ዓይኑን ጥቂት መትተን፣ እንደተወጠረ አሳደርነው። ጠዋት ግቢ ስንገባ በራሱ ለቆ ነበር።

የግራው የላይኛ ክንድ

ሥራው የረዘመው እዚህ ላይ ነው። ቦል ጆይንቱን ከላይኛው ክንድ ጋር ከሚያስሩት ብሎኖች አንዱ የሌሎቹ ዘመድ አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬ ቁጥር የለውም፣ ውፍረቱም ያንሳል። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ቀይሮ ያገኘውን ብሎን ከትቶበታል። ቀጭኑ ብሎን በቀዳዳው ውስጥ ሲወዛወዝ ኖሮ ቀዳዳውን ሞላላ አድርጎታል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ የሚስበው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከዚህ የተነሳ ነው፤ ፍሬኑ ጎማውን ወደ ኋላ ሲጎትተው የላይኛው መጋጠሚያ በቦታው አይቆምም ነበር።

የብሎን ቁጥር ጌጥ አይደለም። 8.8 ሲል የመጀመሪያው 8 ብረቱ ከመበጠሱ በፊት በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ገደማ እንደሚሸከም ይናገራል፤ ሁለተኛው 8 ደግሞ ከዚያ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ተለጥጦ እንደማይመለስ። ቁጥር የሌለው ብሎን ምን እንደሚሸከም ማንም አያውቅም። በመሪና በፍሬን ላይ እንዲህ ያለ ብሎን የሚያስገባ ሰው ያስቆጣኛል።

ቀዳዳውን በብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳት ይቻላል አሉን። ጋሼ አልወደዱትም፤ እኔም አልወደድሁትም። የብየዳው ሙቀት በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ብረት ይለውጠዋል፣ ስንጥቅ ቢጀምር ደግሞ በጭቃ ተሸፍኖ አይታይም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የላይኛ ክንድ በ5,500 ብር ተገኘ። ከመግዛቴ በፊት ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጬ እንዳልተጣመመ አየሁ፤ ቀዳዳዎቹንም በአዲሱ ብሎን ሞከርኋቸው።

ክንዱ ከሻንሲው ሲፈታ በመካከል የተደረደሩት ስስ የብረት ሺሞች ይወጣሉ። ካምበርና ካስተር፣ ማለትም ጎማው ወደ ጎን፣ የሚታጠፍበት ዘንግ ደግሞ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚያዘነብሉበት ልክ፣ የሚስተካከለው በእነሱ ነው። የፊተኞቹንና የኋለኞቹን ለየብቻ በሽቦ አስረን ወረቀት ለጠፍንባቸው። ተደባልቀው ቢሆን ኖሮ መኪናው አላይመንት (የጎማ አቋም ማስተካከያ) ቤት ድረስ እንኳ በደህና አይሄድም ነበር።

መግጠም

ሾጣጣው ቀዳዳ በጨርቅና በቤንዚን ተጠርጎ ደረቀ። እዚህ ግሪስ አይቀባም፤ ግንዱን የሚይዘው ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲጣበቅ ነው። የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ነገ ለመፍታት እንዲቀል ትንሽ ብንቀባው?» ብሎ ነበር፤ ጋሼ ቀድመውኝ «ዛሬ እንዲይዝ ነው የምንሠራው» አሉት።

ዳዶው ሲጠብቅ ግንዱ አብሮ መዞር ጀመረ። ከታችኛው ክንድ ሥር በክሪክ ትንሽ ከፍ ስናደርገው ሾጣጣው ተቀመጠ፣ መዞሩም ቆመ። ማጥበቂያው በተዋስነው የቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)፣ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ልክ ነው። የመቆለፊያ ፒኑ ቀዳዳ ከዳዶው ስንጥቅ ጋር ካልተገናኘ ዳዶው ወደፊት ይጨመራል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። ፒኑ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

አዲሶቹን ጎሚኒዎች (የላስቲክ መያዣዎች) የያዘውን የላይኛ ክንድ ብሎን በመጀመሪያ በእጅ ብቻ አስያዝን። መኪናው ወርዶ በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው መጨረሻ ድረስ የጠበቀው። ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቅ ጎሚኒው በዚያ አቋም ተቆልፎ፣ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

ግሪስ በፓምፕ ቀስ እያለ ገባ። ላስቲኩ መነፋት ሲጀምር ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ከተገፋ አዲሱ ሽፋን ራሱ ይተረተራል።

ቶርሽን ባሩ ወደ ምልክቱ ተመለሰ። ከፍታውን ከመለካታችን በፊት መኪናውን ወደፊትና ወደ ኋላ ገፋነው፤ ከክሪክ ወዲያው የወረደ መኪና ጎማዎቹ ስለሚወጠሩ ከፍ ብሎ ይቆማል። ግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ በማስተካከያው ብሎን እኩል አደረግነው።

አላይመንት

ከፍታው ሳይስተካከል አላይመንት መሥራት ከንቱ ነው፤ ከፍታው ሲቀየር ካምበሩም የጎማው አቅጣጫም ይቀየራል። አላይመንት ቤቱ መጀመሪያ ታይ ሮዱን ብቻ ዞር ዞር አድርጎ ሊሸኘን ነበር። ቅደም ተከተሉ ካምበርና ካስተር በቅድሚያ፣ የጎማው አቅጣጫ በመጨረሻ መሆኑን ተናግሬ ሺሞቹን አስከፈትሁ። ሥራው ረዘመ፤ የመጨረሻው ወረቀት ግን ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸውን ያሳያል። ጠርዙ የተበላው ጎማ ተጠባባቂ ሆነ።

ወጪ

የታችኞቹ ሁለት ቦል ጆይንቶች 13,600 ብር፣ የላይኞቹ 8,200፣ ያገለገለው ክንድ 5,500፣ ጎሚኒዎች 1,600፣ ባለቁጥር ብሎንና ዳዶ 900፣ መጎተቻው 2,400፣ ግሪስ 450፣ አላይመንት 1,500። ድምሩ 34,150 ብር። አንድ ጋራዥ ለእጅ ብቻ 9,000 ብር ጠይቆን ነበር። እሱ ግን የግራውን ቀጭን ብሎን አይቶ ይነግረን ነበር ወይ የሚለውን ማወቅ አይቻልም።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

ብሎኖቹ እንደገና በቶርክ መፍቻ ታዩ፤ ከላይኛው ክንድ ብሎኖች አንዱ ጥቂት ጠበቀ፣ ሌሎቹ አልተንቀሳቀሱም። ሽፋኖቹ ደህና ናቸው። ከታችኛው ክንድ ሥር አንስተን በብረቱ ስንሞክር ግራም ቀኝም ልቅነት የለም። ሙሉ ጭነት ይዞ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሲወርድ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

ለስላሳው የቸርችል አስፋልት ላይ ምንም አይሰማም፤ ልደታ የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ላይ ግን ከቀኝ በኩል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። የስታብላይዘር ባሩን (መኪናው ወደ ጎን እንዳይጋደል የሚይዘውን ብረት) ጎሚኒ በእጅ ስንይዘው ድምፁ ይጠፋል፤ ስንለቀው ይመለሳል። የሚቀጥለው ሥራ እሱ ነው፤ ልኬቱን ወስጃለሁ።